እንደወደቀ ይጻፋል

ጃንዋሪ 5፣ 1982፣ ማክሰኞ

በችኮላ ነው የምጽፈው። ወንድሜ ቨርሊን ሆስፒታል ነው። እሑድ ከሰዓት፣ ምድር ቤት፣ እሱና ጓደኞቹ ጨዋታቸውን ሊጀምሩ ሲሉ። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም፣ አፉ ተጣሟል፣ አይናገርም። ማርቪን ቴስኬ ተሸክሞ ደረጃውን አወጣው። ያ ፖስታ ሲያድል የኖረ ትከሻ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር። አብራቸው የምትጫወተው ዳርላ አምቡላንስ ጠራች። እኔስ? እኔ ሾርባው እንዳይገነፍል ምድጃውን አጠፋሁ። ወንድሜ ተዘርሮ፣ እኔ ሾርባ!

የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በየተራ የፓስታና የሥጋ ትሪ ያመጣሉ። ማቀዝቀዣው ሞልቷል። ማን ሊበላው እንደሆነ እንጃ።

ጃንዋሪ 8፣ ዓርብ

ተናገረ! አንድ ቃል ብቻ፤ ግን ተናገረ።

ነርሷ ትራሱን ስታስተካክልለት ድንገት፣ ጥርት አድርጎ «እንደወደቀ» አለ።

«አዎ የኔ ጌታ፣ እንደወደቁ እናውቃለን። አሁን ደህና ነዎት።»

«እንደወደቀ!»

«አዎ፣ ወድቀው ነበር። አይዞዎት።»

ኮሪደር ወጥቼ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብሁ።

ምስኪን፣ ከየት ታውቀዋለች? ቃሉን እኔ አውቀዋለሁ። ሰባት ዓመት በወለሉ በኩል ስሰማው የኖርሁት ነው። እሑድ እሑድ ምድር ቤት ተሰብስበው ዘንዶና ጠንቋይ፣ ዋሻና ጎራዴ ያለበት የሐሳብ ዓለም ውስጥ የሚገቡበት ጨዋታ አላቸው። ተጫዋቹ ሁሉ አንድ ሰው ፈጥሮ በሱ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ያ ሰው ምን ያህል ጉልበት፣ ምን ያህል ብልሃት እንዳለው የሚወስነው ግን ዳይስ ነው፤ በየፊቱ ነጥብ ያለበት፣ የሚወረወር ቁራጭ። ቨርሊን ዳኛው ነው። አንዱ መናኛ ቁጥር ወርውሮ «አንዴ ብቻ ይደገምልኝ» ሲል፣ ቨርሊን ጠረጴዛውን መታ አድርጎ «እንደወደቀ!» ይላል። እንደወደቀ ይጻፋል ማለቱ ነው፤ ልመና የለም። በከተማው ውሃ ቢሮ ድምፁ የማይሰማ ሰው፣ እዚያ ታች ንጉሥ ነበር።

ከቃላት ሁሉ ይቺን ለምን እንዳስቀረለት እግዜር ያውቃል።

ጃንዋሪ 12፣ ማክሰኞ

ታላቃችን ኤልደን መጣ። ትራክተር የሚሸጥበትን ሱቅ ዘግቶ፣ በዚህ በረዶ። ክፉ ሰው አይደለም። ቨርሊን አጠገብ ተቀምጦ ስለ እናታችን፣ ስለ ዓሣ ማጥመጃው ጎጆ አወራው። ቨርሊን «እንደወደቀ» አለው። ኤልደን ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

ኮሪደር ላይ፣ «አርዲስ፣ ዓይንሽን ግለጪ» አለኝ። «ቤቱ አለ፣ ባለቤቱ ወጥቷል። እዚያ ውስጥ ማንም የለም።»

«ዝም በል አንተ።»

«የካውንቲው መጦሪያ ንጹሕ ነው። አይቼዋለሁ። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ሐኪሙ ስብሰባ ይጠራናል፤ ያኔ እንፈርማለን። አንቺ ልታነሺው ነው? በዚያ ወገብሽ?»

ወደ ቤቱ ነው የሚመጣው አልኩት። ጮኬ ነው ያልኩት፣ ሰው እስኪዞር። ምን ይሉኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ግን ኤልደን ልክ ከሆነስ? ያ ቃል ብቻ ከሆነ የቀረው? ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንደቀረ ካፖርት?

ጃንዋሪ 17፣ እሑድ

የሚያስፈራ ብርድ። መኪናው እምቢ አለ። ማርቪን ባትሪውን ሊያሞቅልኝ መጣ። ሳልጠራው። የበራፉንም በረዶ ጠረገ። «ከዚህ ሳልፍ አየሁት፣ ሚስ አርዲስ» አለኝ። እሑድ ፖስታ አይታደልም፤ ወዴት ሊያልፍ እንደነበር አልጠየቅሁትም።

ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ነርሶች ከመጋረጃው ወዲያ ሲያወሩ ሰማሁ። «የሰባት ቁጥሩ፣ ያ ወድቄያለሁ የሚለው። እህቱ ታሳዝነኛለች።» እኔ? እኔ ምኔ ያሳዝናል?

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ከታች ጫጫታ የለም፣ ወንበር አይጎተትም። እንቅልፍ ልብሴን ሳላወልቅ ወሰደኝ። ደስ አለኝ። ጸጥታው ደስ አለኝ ብዬ እዚህ መጻፌ ነው። ይጻፍ።

ጃንዋሪ 22፣ ዓርብ

ሚስ ኦበርማየር፣ ንግግር የምታስተምረው፣ ሥዕል ታሳየዋለች። ማንኪያ፣ ላም፣ ቁልፍ፣ ጫማ። «ማንኪያውን ያሳዩኝ።» ላሟን ያሳያል። «ቁልፉን።» ላሟን። ጥሩ ልጅ ናት፣ ትዕግሥቷ አያልቅም። እኔ ነኝ ያለቀብኝ። «ቨርሊን፣ ማንኪያ! ማንኪያ አታውቅም?» አልሁት። ቀና ብሎ ያየኝ አስተያየት እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለ።

«ምን ያህል እንደሚገባው አላውቅም» አለችኝ በር ላይ። «የጠየቅሁት ነገር አልገባው ይሆናል። ወይም ገብቶት እጁ ሌላ ቦታ ይሄድበት ይሆናል። ውጤቱ ግን ዝቅተኛ ነው፤ ዶክተሩ የሚያየው እሱን ነው።»

ውጤት። ይቺን ቃል ጠላኋት።

ጃንዋሪ 26፣ ማክሰኞ

የታሸገ ቀይ ሥር ላመጣ ምድር ቤት ወረድሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልወረድሁም ነበር። ጠረጴዛው እንዳለ ነው። አዲስ ወረቀቶች፣ የተቀረጹ እርሳሶች፣ የማርቪን ቡና ላዩ ላይ ሽፋን ሠርቶ። ያን እሑድ ለጨዋታው አዲስ ሰዎች ሊወልዱ ነበር። መሀል ላይ ሦስቱ ዳይሶች።

የሱ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ማርቪን በሆስፒታሉ መጠበቂያ ሥርዓቱን አስረድቶኝ ነበር፤ ሦስት ዳይስ አንድ ላይ ይጣላል፣ ይደመራል፣ እንዲህ ስድስት ጊዜ። የመጀመሪያው ጉልበት ነው፤ ቀጥሎ አእምሮ፣ ቀጥሎ ጥበብ። ቦታ መቀየር የለም። «ብርቱ ሰው እፈልጋለሁ ብለው አይመጡም፣ ሚስ አርዲስ» ነበር ያለኝ። «መጥተው ማን እንደተሰጠዎት ያያሉ።»

እስቲ ብዬ ጣልሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ጉልበት ስምንት። አእምሮ አሥራ ሁለት። ጥበብ ስድስት። ሳቅሁ፤ ጥበብ ስድስት! አራተኛውን ስጥል ግን ሳቄን አቆምሁ። ወረቀቱ ላይ የሆነች ሴት እየመጣች ነበር። ማንም ያላሰባት፣ እኔም ያልመረጥኋት። ጉልበቷ ትንሽ ነው፣ ፈጣን ናት፣ ሳታስብ ትሳሳታለች፣ ሰው ይወዳታል። ከሦስት ቁራጭ ፕላስቲክ! የመጨረሻውን ቁጥር ስጽፍ እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻዬን እንዳልሆንሁ ተሰማኝ። አምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት አዛዥ ነኝ፣ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ግን ጸጉሬ ቆመ። ለካ እነዚህ ሰዎች በየሳምንቱ እዚህ የሚያዩት ይሄን ነው። እኔ ከላይ ሆኜ ጫጫታ ይመስለኝ ነበር።

ቀይ ሥሩን ረስቼው ወጣሁ።

ፌብሩዋሪ 3፣ ረቡዕ

ከአልጋ ወደ ወንበር ልሞክር አልሁ። ነርሷ እያየችኝ። አልቻልሁም። ሁለታችንም ልንወድቅ ነበር። ወገቤ ቀስት ሆኗል። ለኤልደን አልነገርሁትም። አትንገሩት።

ማንን ነው «አትንገሩት» የምለው? ደብተሩን?

ፌብሩዋሪ 7፣ እሑድ

ቀስ ብዬ ልጻፈው። አንድም ነገር እንዳይቀር።

ማርቪንና ዳርላ ወደ ሆስፒታሉ መጡ፣ በሽተኞች ከሰዓት ወደሚቀመጡበት ሰፊ ክፍል። ማርቪን ዳይሶቹን ይዞ፣ ዳርላ አዲስ የገዛችውን የጨዋታ መጽሐፍ ይዛ። ዳርላ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤ ሃያ ምናምን ዓመቷ ነው፣ አፏ አያርፍም።

«ሰባት ዓመት ዳኛ ሆኖ አንድ ቀን የራሱ ሰው ኖሮት አያውቅም» አለ ማርቪን። «ዛሬ እሱ ይውለድ።»

«እንደወደቀ» አለ ቨርሊን።

«ሰማችሁ? ገና ሳይጀምር ሕግ ያወጣል» አለች ዳርላ።

ዳይሶቹን በመድኃኒት ኩባያ አድርገን በግራ እጁ ሰጠነው። ገለበጠው። ሁለት፣ አንድ፣ አንድ። ጉልበት አራት።

«ኧረ አራት! ዶሮ ይበልጠዋል! በሞቴ ይደገምለት» አለች ዳርላ።

«እንደወደቀ» አለ። ዳርላ ጻፈች። አእምሮ አሥራ ሦስት። ጥበብ አሥራ አምስት። አራተኛው አሥራ ስድስት መጣ፤ ዳርላ ጮኸች። አምስተኛው አምስት። ጻፈች።

ያኔ ነው ቨርሊን ወረቀቷን ያየው። ፊቱ ቀላ። ጠረጴዛውን በግራ እጁ ይመታ ጀመር። «እንደወደቀ! እንደወደቀ! እንደወደቀ!» ኩባያው ተፈናጥሮ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ዞሩ፣ ነርስ እየሮጠች መጣች።

«ደክሞታል፣ ይብቃ» አልኩ ተነሥቼ። ይሄን ጭንቀት ያመጣንበት እኛ ነን፤ ኤልደን ልክ ነው፣ አእምሮው የለም፣ ቃል ብቻ ነው። ይሄን ሁሉ አስቤያለሁ። ይጻፍ።

ማርቪን ግን እጄን ያዘኝ። «ቆዩ፣ ቆዩ። ዳርላ፣ አራተኛውን የት ጻፍሽው?»

«ቅልጥፍና ላይ። መጽሐፉ እንዲያ ነው የሚለው፤ ጉልበት፣ አእምሮ፣ ጥበብ፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ሞገስ።»

«ያንቺ መጽሐፍ! ይሄ አዲሱ! በኛ ጠረጴዛ አራተኛው ምንድን ነው?»

ዳርላ አፏን ያዘች። «ጽናት» አለች። «በአሮጌው ጽናት ይቀድማል። ወይ እኔ ጅል! ገለበጥኩት።»

በላጲስ አጠፋችው። አሥራ ስድስቱን ጽናት ላይ፣ አምስቱን ቅልጥፍና ላይ ጻፈች። ቨርሊን አጎንብሶ አየ። እጁን ጉልበቱ ላይ መለሰ። ወደ ኋላ ተደገፈና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ሥራ እንደጨረሰ ሰው።

ከወዲያ ማዶ ተገልብጦ የሚታየውን ወረቀት አንብቧል። ቁጥሮቹ በምን ተራ እንደመጡ ይዟል። አሮጌውን ሕግ ከአዲሱ ለይቷል። ይሄ ማንኪያ አያውቅም የተባለው ሰው ነው! ተንበርክኬ ፊቱን በሁለት እጄ ያዝሁት። «እዚያ ነህ እንዴ?» አልሁት። «ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚያ ነበርህ?» ግራ ዓይኑ በእንባ ሞላ። የኔን አልነግራችሁም።

ስድስተኛውን ጣለ፤ ሞገስ አሥራ አንድ። ዳርላ አፍንጫዋን እየጠረገች «እንግዲህ ይሄን ድንች የመሰለ ሰው ማን እንበለው?» ስትል ቨርሊን ጠረጴዛውን አንዴ መታ። ስሙ ድንች ሆነ።

ወረቀቱን ቤት ይዤው መጥቻለሁ። ጉልበት የለውም፣ እጁ አይታዘዘውም፣ ጽናቱ ግን አሥራ ስድስት። ዳይስ ዓይን የለውም። ወንድሜን አያውቀውም። ማርቪን «ዕድል ነው፣ እንዲያ ይገጥማል» ይላል። ይግጠም። እኔ ዛሬ ያየሁትን አይቻለሁ።

ፌብሩዋሪ 9፣ ማክሰኞ

ለሚስ ኦበርማየር ነገርኋት። ወንበር ስባ ሁሉንም ከመጀመሪያው አስደገመችኝ። «የኔ ሥዕሎች ምንም አላሉትም ማለት ነው» አለች። ነገ ዳይስ ታመጣለች። ለዶክተሩም ትነግራለች።

ለኤልደን ደወልሁ። «ዳይስ?» አለ። «አርዲስ፣ እንቅልፍ ትተኛለሽ?»

ፌብሩዋሪ 14፣ እሑድ

ኤልደን ራሱ መጣ፣ ሊፈትን። ማርቪን ኤልደንን ከቨርሊን ጎን አስቀምጦ ስድስት ጊዜ አስጣለው። ኤልደን ሆን ብሎ፣ ሰባት የወጣውን አእምሮ አሥራ ሰባት አድርጎ ጻፈ። ቨርሊን ጣቱን ቁጥሩ ላይ ጫን አድርጎ አላነሳም።

«ይሄ ሌባ!» አለ ኤልደን። «ከሕፃንነቱ ጀምሮ ካርታ ሳጭበረብር ይይዘኝ ነበር።» ሳቀ። ከዚያ ኮሪደር ወጥቶ ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆመ። ተከተልሁት። ባርኔጣውን እያዞረ፣ «እዚያ ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔ አጠገቡ 'ማንም የለም' ስል ሰምቶኝ ይሆን?» አለ። ኮሪደር ላይ ነው ያልከው፣ አልሰማም አልሁት። በሩ ክፍት ነበር።

ማርቪን ቤት ሲያደርሰኝ ካርድ ሰጠኝ። ለሠፈሩ ሁሉ ነው የሚሰጠው መሰለኝ። ቀኑ የፍቅረኞች ቀን ስለሆነ።

ፌብሩዋሪ 25፣ ሐሙስ

ስብሰባው። ቨርሊንም በተሽከርካሪ ወንበሩ ገባ፤ ሚስ ኦበርማየር ናት ግድ ያለችው።

ዶክተሩ ደግ ሰው ነው፣ አልዋሸንም። «እንደሚያስብ አምኛለሁ» አለ። «ግን ማሰብ ከአልጋ አያነሳም። ጠዋትና ማታ ማን ያዛውረዋል? ሚስ አርዲስ፣ ሞክረውት አልቻሉም።» ነርሷ ነግራዋለች። ኤልደን ዞሮ አየኝ። መጦሪያው ያለው ከከተማ ውጭ ነው፤ እሑድ እንኳ ሄጄ እንዳላየው መንገዱ በበረዶ ይዘጋል። ቨርሊን ዝቅ ብሎ ጫማውን ያያል። ቃሉንም አልተናገረም።

ማርቪን እንግዳ ሆኖ በር አጠገብ ቆሞ ነበር። የፖስታ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እኔ አነሳዋለሁ» አለ።

«ዛሬ?» አለ ዶክተሩ።

«ሁልጊዜ። ሳልወጣ ጠዋት፣ ስመለስ ማታ። የምኖረው ከመድኃኒት ቤቱ በላይ በአንዲት ክፍል ነው፤ የሚጠብቀኝ የለም። እዚያ ቤት ፎቅ ላይ ባዶ ክፍል አለ።» ጆሮው ቀላ። «ቀን አንቺ አለሽ፣ አርዲስ። አለሽ አይደል?»

አለሽ። ሚስም የለም፣ እርስዎም የለም፣ ያውም በሰው ፊት።

«ወጥ ቤቱን እለቃለሁ» አልሁ። ከዚያ እንደ ጅል፣ «ያ ክፍል ይቀዘቅዛል እኮ። ሰውስ ምን ይላል?» አልሁ።

«ሰው?» አለ ኤልደን። «በዚህ ብርድ ማን ወጥቶ ሊያይ? ማሞቂያውን እኔ አስገባለሁ።»

ዶክተሩ ወደ ቨርሊን ጎንበስ አለ። «እርስዎስ? ቤት ይሻልዎታል?» ቨርሊን ማርቪንን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ማርቪንን። ከዚያ ያ የተጣመመ አፉ በአንድ በኩል ከፍ አለ። ምኑ እንዳሳቀው አልገባኝም።

ማርች 7፣ እሑድ

መጣ። ቤት ነው። ድካም። ነገ እጽፋለሁ።

ማርች 14፣ እሑድ

ጠረጴዛውን ማርቪንና ኤልደን ከምድር ቤት አውጥተው መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ አኖሩት። ቨርሊን የዳኛው ቦታ ላይ መቀመጥ እምቢ ብሎ የተጫዋች ቦታ ያዘ፤ የዳኛውን በጣቱ ለኔ አሳየኝ። ሦስት ጊዜ «አልችልም» አልሁ። የሚሰማኝ የለም።

በነዚህ ሰዎች ጠረጴዛ የመወለጃው ዳይስ በሁሉ ፊት ይጣላል፤ የአደጋውን ዳይስ ግን ዳኛው ከካርቶን ከለላ ጀርባ ብቻውን ይጥላል። ማንም አያይም፤ ዳኛው ያለው ይታመናል። ማርቪን «ሰባት ዓመት አንድ ጊዜም አልጠየቅነውም» አለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ የቨርሊንን አሮጌ የዋሻ ካርታ ሳጠና ነው የከረምሁት። አንድ ወረቀት ላይ ዋሻውን ሥዬ ጀመርሁ። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ሣጥን አለ፤ ዳርላ «እንዳትነኩት» አለች፤ ቨርሊን ጣቱን ሣጥኑ ላይ አደረገ። ድንች ይከፍታል። ቁልፉ ውስጥ መርዛም መርፌ አለ። ካርቶኑ ጀርባ ጣልሁ።

መጥፎ ወጣ። እጅግ መጥፎ።

ስንት ሳምንት ያቆየን ሰው ነው! ድንች ባይኖር ወንድሜ ዛሬ የት ነበር? «አመለጠ» ብል ማን ያውቃል? ካርቶኑ አለ። ማርቪን ቡናውን ይዞ ይጠብቃል፣ ዳርላ እርሳሷን ትነክሳለች። ቨርሊን ያየኛል። ቀና ብሎ፣ በዚያ ለወር ያህል ውስጡ ማንም የለም በተባለበት ዓይን። ያዘነልኝ፣ የጠበቀኝ መሰለኝ። ብዋሽለት እንደ ሕፃን ማባበሌ ነው።

«መርፌው ወጋው» አልሁ። «ሞተ።»

ዳርላ «ኧረ በመጀመሪያው ክፍል!» ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተችና ተወችው። ሁላችንም ወደሱ ዞርን።

መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። አለቀሰ ብዬ ተነሣሁ። ሲስቅ ነው! ከሆዱ፣ ወንበሩ እስኪነቃነቅ፣ እንባው በተጣመመው በኩል እየወረደ፣ ጠረጴዛውን እየመታ ይስቃል። ከታመመ ወዲህ ሳቁን አልሰማሁም ነበር፤ በልጅነታችን እንደሚስቀው ነው፣ እንደዚያው። ማርቪንም ጀመረ፣ ዳርላም፣ እኔም ሳቄን ማቆም አቃተኝ።

ከዚያ ቨርሊን የድንችን ወረቀት ገፋ አድርጎ ግራ እጁን ዘረጋ። ሦስቱን ዳይሶች አንድ በአንድ ለቀማቸው። አፉ ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉን ሲፈልገው አየነው፤ ሄደበት፣ መለሰው።

«ሌላ» አለ።

ማርቪን ኩባያውን አስቀመጠ። እኔ ንጹሕ ወረቀት ፍለጋ መሳቢያውን ከፈትሁ።